የአሮጊቷ ሃይሉክስ ፍሪሲዮን፦ የጥገና ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ኅዳር መግቢያ

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ባለ አንድ ጋቢና፣ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ቱርቦ የላትም። ሥራዋ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ ደብረ ብርሃን ማውጣት ነው። ስትወርድ ድንች ከተገኘ ድንች፣ ገብስ ከተገኘ ገብስ።

ፍሪሲዮኗ፣ ፔዳል ሲረገጥ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው፣ ታመመ። ምልክቱ ይሄ ነው፦ ጠዋት ሞተር ተነስቶ ኋላ ማርሽ ላስገባ ስል ይጮሃል፣ አይገባም። አንደኛም በግድ ነው። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግሜ ፓምፕ ሳደርገው ግን ይገባል። ሞተር ጠፍቶ ደግሞ ሁሉም ማርሽ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ይገባል። አንደኛ አስገብቼ ፔዳሉን ረግጬ ብቆይ መኪናዋ ራሷ ቀስ እያለች ወደፊት መሳብ ትጀምራለች። ይሄኛው ነው ያስፈራኝ። ገበያ መሃል፣ ከፊቴ አህያና ሰው ቆሞ፣ ፔዳል ረግጫለሁ ብዬ ስተማመን እሷ ትሄዳለች።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ መጣና "ዲስኩ አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ" አለ፤ ካምቢዮ ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን ነው። ዲስክ፣ ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታ 24,000 ብር፣ የእጅ 6,000። ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ያላመንኩት ለዚህ ነው። ሸራ (ዲስኩ ላይ ያለው የሚይዘው ልባስ) ሲያልቅ የሚመጣው ምልክት ሌላ ነው። ነዳጅ ስትሰጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይጎትትም፤ ይንሸራተታል። የኔ መኪና ጭነት ይዛ በሦስተኛ ዳገት ስትወጣ ጥርት አድርጋ ትጎትታለች። ችግሯ ሲረገጥ አለመልቀቋ ነው። ከዛ ደግሞ ፓምፕ ሲደረግ የሚሻሻል ነገር ከካምቢዮ ውስጥ የመጣ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል። ፍሪሲዮኑን ከውስጥ የሚገፋው ሹካ ቢሰነጠቅ፣ በቮላኖው (ሞተሩ የሚያዞረው ከባድ ክብ ብረት) መሃል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ብትነክስ፣ መቶ ጊዜ ብትረግጠው ያው ነው። በፓምፕ የሚሻሻለው የፔዳሉን ግፊት ወደ ታች የሚያደርሰው፣ ዘይቱ ያለበት መስመር ነው። ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) እያሳለፈ ነው።

ኋላ ማርሽ ለምን መጀመሪያ ይጮሃል ለሚል ሰው፦ በነዚህ አሮጌ ካምቢዮዎች ላይ ኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ፍጥነቱን አስተካክሎ ማርሹን ሳይጮህ የሚያስገባ) የለውም። ወደፊት ያሉት ማርሾች ትንሽ ጉድለት ቢኖር ሲንክሮናይዘራቸው ይሸፍነዋል። ኋላ ማርሽ አይሸፍንም፣ ያጋልጣል። ስለዚህ ፍሪሲዮን ለመፈተሽ ከኋላ ማርሽ የተሻለ ነፃ መሣሪያ የለም።

በዚያው ሳምንት፣ ማየትና መለካት

ምንም ሳልፈታ ማየት ጀመርኩ። ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው የላይኛው ሲሊንደር) ላይ ያለው የዘይት መያዣ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ዘይቱ ግን ጠቁሯል፣ ታችው ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር አለ። ጋቢና ውስጥ ከፔዳሉ ጀርባ፣ የማስተሩ ዘንግ ከግድግዳው የሚወጣበትን ቦታ በጣት ነካሁት። ደረቅ ነው። እዚያ እርጥብ ቢሆን የማስተሩ የኋላ ጎሚኒ ለቋል ማለት ነበር፣ ምንጣፉም ቀለሙም ይበላ ነበር። የፍሬን ዘይት (ፍሪሲዮኑም የሚሠራው በሱ ነው) ቀለም ይልጣል። ስታፈሱ ቶሎ ብላችሁ በውሃ ታጠቡት፣ በጨርቅ መጥረግ ብቻ አይበቃም።

ከዛ ከሥር ገባሁ። የታችኛው ሲሊንደር፣ ከማስተሩ በመጣው ዘይት ሹካውን የሚገፋው፣ ካምቢዮው ጎን ላይ ነው፣ በሁለት ብሎን የታሰረ። ጫፉ ላይ ያለችውን የአቧራ መከላከያ ላስቲክ በካቻቢቴ ገልጬ ሳያት ውስጧ እርጥብ ነው። የሚንጠባጠብ አይደለም፣ ወዝ ነው። ብዙ ሰው ከውጭ አይቶ "ደረቅ ነው" የሚለው ላስቲኳን ስለማይገልጣት ነው።

የጎረቤት ልጅ ፔዳሉን እንዲረግጥልኝ አደረግኩና የታችኛው ዘንግ ስንት እንደሚሄድ በማስመሪያ ለካሁ። 8 ሚሊ ሜትር። ረግጦ እንዲይዘው ስነግረው ዘንጉ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጁ እግሩን አላነሳም፣ ሁለቴ ጠየቅኩት። ስለዚህ ግፊቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ይሄን ልኬት ጻፉት። በኋላ ምን ያህል እንደተሻሻለ የምታውቁት በሱ ብቻ ነው። በእግር ስሜት ብቻ የሚፈርድ ሰው ሁልጊዜ "አሁንማ ተሻለ" ይላል፤ ገንዘብ አውጥቷላ።

የታችኛው ጎሚኒ

የታችኛውን ለመጀመር ወሰንኩ። እርጥበቱ የታየው እዚያ ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። የጎሚኒ ኪት እዚሁ ደብረ ብርሃን 350 ብር ተገኘ። የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት፣ ግማሽ ሊትር 450 ብር።

ለመፍታት 12 ቁልፍ ለሁለቱ ብሎን፣ 10 ቁልፍ ለቧንቧው ዳዶ። የቧንቧ ዳዶ ለስላሳ ነው፣ በተራ ክፍት ቁልፍ ከተሳሳተ ጠርዙ ይላሻል። ለቧንቧ ተብሎ የተሠራ፣ ዳዶውን ከሁሉም ጎን ይዞ አንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ቁልፍ አለ። ከሌላችሁ ተዋሱ። ኅዳር ላይ ጠዋት አመዳይ ባለበት ብረት መያዝ ራሱ ሥራ ነው፣ ረፋድ ላይ ብትጀምሩ ይሻላል።

ሲሊንደሩን ስከፍተው ጎሚኒዋ አብጣለች። ከንፈሯ ለስልሶ ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ በጥፍር ስነካት ትላጣለች። በጎረቤት ያሉ፣ ድሮ የጭነት መኪና ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አዩዋትና "ይሄ እርጅና አይደለም። ያረጀ ጎሚኒ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል እንጂ አያብጥም" አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ምክንያቱን ያን ቀን አልተከታተልነውም፣ ጨለማ እየመጣ ነበር።

የሲሊንደሩን ውስጥ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በፍሬን ዘይት እያረጠብኩ በዙሪያው ወለወልኩት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይደለም የሚወለወለው፣ ዙሪያውን ነው። በርዝመቱ ከተጫረ ዘይቱ በጭረቱ ውስጥ ያልፋል። ሲያልቅ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ የለም። ጥፍር የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ኪት ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፣ ሲሊንደሩ ሙሉ ይቀየራል። ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይታጠብም። በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በንጹህ አልኮል ነው። አንዱ በአጠገባችን ሲያልፍ የአካባቢያችንን አረቄ አማራጭ አድርጎ አቀረበ፣ ጋሼ "እሱን ለኔ ተወው" አሉት።

አየሩን ልጁ እየረገጠ እኔ እየከፈትኩ አስወጣን። ፔዳሉ ከፍ አለ። ኋላ ማርሽ ገባ። ሮቢት ወርጄ ጭኜ ወጣሁ፣ ጥሩ ነበር።

ወር አጋማሽ፣ እንደገና

በሳምንቱ ያው ነገር ተመለሰ። ጠዋት ፔዳሉ ባዶ ነው። የታችኛውን ከፈትኩ። አዲሷ ጎሚኒ አብጣለች። ከኪቱ የተረፈ አሮጌ ማሸጊያ ላይ ካለው ሥዕል ጋር ሳስተያያት ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ጋሼ ከማስተሩ መያዣ ትንሽ ዘይት በማንኪያ ወሰዱና አሸተቱት። ከዛ "ልጄ፣ በብርጭቆ ውሃ አምጣ" አሉኝ። ጠብታ ጣሉበት። ዘይቱ ከላይ ተንሳፈፈ፣ ዓይን ዓይን ሠራ። ከአዲሱ ጣሳ የጨመርነው ጠብታ ግን ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ።

ነገሩ ይሄ ነው። የፍሬን ዘይት (ዶት 3ም ዶት 4ም) ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ የማዕድን ዘይት አይደለም፤ ከውሃ ጋር ይቀላቀላል። የመሪ ሃይድሮሊክ ዘይት፣ የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት ግን የማዕድን ዘይት ነው፤ ይንሳፈፋል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ጎሚኒ የተሠራው የፍሬን ዘይት እንዲችል ነው። የማዕድን ዘይት ሲነካው ውስጡ ይሰርግና ያብጣል፣ ይለሰልሳል። የሆነ ሰው፣ ከኔ በፊት የነዳት ይሁን ወይም መንገድ ላይ የጨመረላት፣ "ሃይድሮሊክ ነው አይደል" ብሎ የመሪ ዘይት ጨምሮባታል። ሃይድሮሊክ የሚለው ስም ስንት ማስተር እንደገደለ ጋሼ ቢቆጥሩት።

የፍሬኑን ዘይትም ወዲያው በውሃ ፈተንነው። በዚህ መኪና ላይ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣ ለየብቻ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የፍሬኑ ንጹህ ነበር። ጣርማ በር ላይ ቁልቁለት የምትወርድ መኪና ናት፤ ይሄን ሳላይ ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። የእናንተ ላይ ፍሪሲዮኑ ተበክሎ ካገኛችሁ ፍሬኑን ሳትፈትሹ አትንዱ።

ስለዚህ የታችኛውን ብቻ መቀየር ለምን እንዳልሠራ ገባኝ። ላይኛው ማስተር፣ ላስቲክ ቱቦው፣ ቧንቧው ሁሉ ያንኑ ዘይት ይዘዋል። አዲስ ጎሚኒ ስታስገባ ያው ዘይት መጥቶ ይበላታል።

የላይኛውና የታችኛው ክርክር

አሁን ማስተሩ ይቀየር ወይስ ጎሚኒው ብቻ የሚለው ጥያቄ መጣ። ማስተር ውድ ነው። መጀመሪያ መሞቱን ማወቅ ፈለግኩ።

ፈተናው ቀላል ነው፣ ሲደረግ ግን ብዙም አላየሁም። ከማስተሩ የሚወጣውን ቧንቧ ፈትቶ በቦታው ደፋን ማሰር ነው። ደፋኑን ከአሮጌ የፍሬን ቧንቧ ሠራሁት። ዳዶው ጋ አስጠግቼ ቆረጥኩት፣ ጫፉን በብየዳ ደፈንኩት። ብየዳ ቤቱ 50 ብር ወሰደ። የዳዶው ጥርስ መጠን አንድ መሆኑን መጀመሪያ በእጅ አስገብታችሁ እዩ፣ በቁልፍ አታስገድዱት።

ደፋኑን አስረህ አየሩን ካስወጣህ በኋላ ፔዳሉን ስትረግጥ ማስተሩ ጤነኛ ከሆነ ድንጋይ ነው። ጥቂት ይሄድና ይቆማል፣ ብትቆይም አይሰምጥም። ደፋኑ እያለ ድንጋይ ሆኖ፣ ቧንቧው ሲመለስ ባዶ ከሆነ ችግሩ ከታች ነው። የኔው ከደፋኑ ጋር ሆኖ ቀስ እያለ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። የሚሄድበት ቦታ የሌለው ዘይት የት ሄደ? በፒስተኑ ጎሚኒ ዙሪያ አልፎ ወደ መያዣው ተመለሰ። ለዚህ ነው ዘይቱ ሳይጎድል ፔዳሉ ባዶ የሚሆነው። ብዙ ሰው "ዘይቱ ሙሉ ነው፣ እንግዲህ ሃይድሮሊኩ ደህና ነው" ብሎ ካምቢዮ የሚያወርደው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው።

ማስተሩን ፈትቼ ውስጡን አየሁት። ጥፍር የሚይዝ ዝገት አለ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ዘመን ሲቆይ ብረቱን ይበላል። ኪት አያዋጣም።

ማስተር ፍለጋ

ደብረ ብርሃን ያገኘሁት አንድ ነበር፣ 4,800 ብር ተባልኩ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በሚያውቀኝ ሾፌር በኩል አስጠየቅኩ፣ ኮፒው 3,200 ብር። ኦሪጅናሉ የተጠራበትን ዋጋ አልጽፈውም፣ ከመኪናዋ ጋር አይመጣጠንም። ኮፒውን አዘዝኩ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ስለነበር እቃው እስኪደርስ ታገስኩ።

ስታዝዙ ሰውነቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብባችሁ ላኩ። የኔ ላይኛው 5/8፣ ታችኛው 3/4 የሚል አለው። ይሄ በኢንች የውስጥ ስፋቱ ነው። "የሃይሉክስ ማስተር" ብቻ ብላችሁ ከላካችሁ ሰፊ ወይ ጠባብ ሊመጣ ይችላል። ከሰፋ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ከጠበበ ፔዳሉ ይቀልና ታችኛው በቂ አይሄድም።

ላስቲክ ቱቦውንም ጨመርኩበት፣ 900 ብር። አሮጌውን በእጄ ይዤ ልጁ ሲረግጥ ሲነፋ ይሰማኝ ነበር። ቱቦ ሲነፋ፣ ታች መድረስ የነበረበትን ጉዞ ቱቦው ይበላዋል። የታችኛውን ኪትም እንደገና ገዛሁ።

ቧንቧውን ማጠብ

ብረት ቧንቧው ደህና ነው፣ አልቀየርኩትም። ግን ውስጡን ማጠብ ነበረብኝ። በመርፌ (ሲሪንጅ) አልኮል ከላይ አስገብቼ ታች ወደ ጣሳ አስወጣሁ። የወጣው የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ንጹህ እስኪሆን ቀጠልኩ። ከዛ ጎማ ቤት ሄጄ በኮምፕረሰር አስነፋሁት፣ ጎሚስታው ምንም አላስከፈለኝም። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። ከዛ በኋላ ንጹህ የፍሬን ዘይት አሳለፍኩበት።

የመያዣውን ፕላስቲክም ነቅዬ ታችውን አጠብኩ። የመያዣው ክዳን ውስጥ ያለችው ላስቲክ ሳትቀር አብጣ ነበር፤ ክዳኑ ሲከደን ይጣመም የነበረው ለዛ ነው። አጥቤ አድርቄ መለስኳት፣ ሌላ እስካገኝ።

አየር የማያልቅበት መስመር

ሁሉንም ገጠምኩ። ማስተሩን ከመግጠሜ በፊት ሞርሳ ላይ ይዤ ዘይት ሞልቼ በቀስታ እየገፋሁ አረፋው እስኪያልቅ ሞላሁት። ይሄን መዝለል በኋላ ብዙ ሰዓት ያስከፍላል።

ከዛ ልጁ ፔዳል፣ እኔ ከሥር። "ርገጥ። ያዝ። ልቀቅ።" ኒፕሉ (የታችኛው ሲሊንደር አየር ማስወጫ) ላይ ግልጽ ቱቦ ሰክቼ ጫፉን ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነክሬ ነበር። አረፋ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ፔዳሉ ግን ገና መሃል ላይ ነው የሚይዘው። ደገምነው። አረፋ የለም፣ ፔዳሉ ያው ነው። ልጁ ሰለቸው፣ እግሬ አመመኝ አለ።

ምክንያቱ የቧንቧው አቀማመጥ ነው። ከማስተሩ ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ላይ ታጥፎ ነው ወደ ታች የሚወርደው። አየር ወደ ላይ መሄድ ይወዳል፣ እኛ ግን በፔዳል ወደ ታች እየገፋነው ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ ተመልሶ መታጠፊያው ላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ ገለበጥኩት። ከመያዣው ውስጥ ያለውን ዘይት በግማሽ ቀነስኩ፣ ትልቅ መርፌ አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ ግልጽ ቱቦ ሰክቼ ከታች ከኒፕሉ ቀስ ብዬ ወደ ላይ ገፋሁት። ላይ ልጁ እያየ "አረፋ! ሌላ! ትልቅ!" ይላል። መርፌው ባዶ ከመሆኑ በፊት ኒፕሉን ዝጉት፣ አለዚያ የገፋችሁትን ሁሉ አየር ታስገቡበታላችሁ። መያዣው ሞልቶ እንዳይፈስም አንድ ሰው ላይ ይቁም። ፔዳሉ ከዚህ በኋላ ከላይ መያዝ ጀመረ።

ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይሄ ከረጋጭ ጋር ከመሥራት ይሻላል። መርፌው ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው፣ ትልቁ፣ 60 ብር። ለከብት የተሠራ ነገር ለሃይሉክስም ይሆናል።

ጣርማ በር ላይ

ሁለት ቀን ያህል ከተማ ውስጥ ነዳሁ፣ ደስ አለኝ። ከዛ ሮቢት ወረድኩ፣ ሽንኩርት ጫንኩ።

መንገዱን ለማያውቅ፦ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀት ነው። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተሃል። መሃሉ ደብረ ሲና ነው፣ ቆሎ የሚሸጥበት። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ዳገት ቱርቦ ለሌለው ሞተር ፈተና ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ጉልበት ይቀንሳል፣ ከሁለተኛ አንደኛ፣ ከአንደኛ ሁለተኛ እየተባለ ነው የሚወጣው።

ከደብረ ሲና አልፌ ትንሽ እንደወጣሁ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትጎትትም። የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። እንዴ! ጠዋት ያልነበረ ነገር! ያ ጋራዥ ልክ ነበር ማለት ነው ብዬ ለአፍታ ተጠራጠርኩ።

ጥግ ይዤ ቆምኩ፣ ጎማዋን በድንጋይ ደገፍኩ። ፔዳሉን ስነካው ምንም ነፃ ጨዋታ የለውም። ገና እግር ሲያርፍበት ጠንካራ ነው። ከሥር ገብቼ ኒፕሉን ትንሽ ከፈትኩ። ፊጭ! ማንም ሳይረግጥ ዘይት ተረጨ። ዘጋሁት። ተነሳሁ፣ መኪናዋ ጎተተች።

ማንም ሳይረግጥ መስመሩ ውስጥ ግፊት ነበር ማለት ነው። ማስተሩ ውስጥ ፔዳሉ ሲለቀቅ ዘይቱ ወደ መያዣው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ካልተመለሰ ቀዳዳዋ ተደፍና ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ መመለሻ የለውም፣ የታችኛውን ዘንግ ይገፋል። ፍሪሲዮኑ በግማሽ እንደተረገጠ ይሆናል። ከተማ ውስጥ በብርዱ አልታየም፣ ሮቢት ሙቀትና ረጅም ዳገት አወጡት።

ፒስተኑን ያላስመለሰው የኮፒው ዘንግ ነው። ቤት ደርሼ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ይረዝማል። ማስተካከያ ዳዶውን እስከ መጨረሻው ባስገባውም ጥርሱ አያደርስም። በሰጌቶ መቁረጥ ይቻል ነበር፣ እኔ ግን የአሮጌውን ዘንግ ቀለበቱን በፒንሳ አውጥቼ አዲሱ ማስተር ላይ ገጠምኩት። ውፍረቱ አንድ ነው፣ ጫፉም በልክ ተቀመጠ።

ልኬቱ፦ ፔዳሉን በጣት ስትገፋ ዘንጉ ፒስተኑን እስኪነካ ድረስ የፔዳሉ ጫፍ ላይ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት። አጠቃላይ ነፃ ጨዋታው ደግሞ ከ5 እስከ 15። የቶዮታ መመሪያ ቁጥር ነው። እኔ ዘንጉን 3 ላይ አቆምኩት። አዲስ ማስተር ገጥሞ ይሄን ሳይለካ የሚያስረክብ መካኒክ ካጋጠማችሁ ክፍያውን ያዝ አድርጉ። በሁለት ዳገት ጤነኛ ዲስክ ያስጨርሳችኋል።

ታኅሣሥ፣ የቀረችው ትንሽ

መንሸራተቱ ጠፋ። ኋላ ማርሽ ይገባል፣ ግን ፔዳሉ ወለሉ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው። የታችኛውን ጉዞ ለካሁ፦ 12 ሚሊ። ከ8 ይሻላል፣ አይበቃም። አየር የለም፣ የሚሰምጥ ነገር የለም። ጉዞው ሌላ ቦታ እየጠፋ ነው።

ጋቢናው ወለል ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ባትሪ አብርቼ ፔዳሉን በእጅ አወዛወዝኩ። ዘንጉን ከፔዳሉ ጋር የሚያገናኘው ፒን መሃሉ ተበልቶ ቀጥኗል። የገባበት የፔዳሉ ቀዳዳ ደግሞ ከክብ ወደ ሞላላ ሄዷል። ሁለቱ ተደምረው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት አለ። 2 ሚሊ ምን ያደርጋል ይባላል። ፔዳሉን ለካሁት። ከማጠፊያው እስከ ፒኑ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እስከ እግር መርገጫው 28 ገደማ። ስለዚህ ፒኑ ላይ የጠፋው 2 ሚሊ እግር ላይ ከ10 ሚሊ በላይ ባዶ ጉዞ ነው።

ፔዳሉን አውጥቼ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ቀዳዳውን በብየዳ ሞልቶ እንደገና በስቶ፣ አዲስ ፒን ቀርጾ 700 ብር። የፔዳሉን ማጠፊያ ቡሽም ስላየሁት አስቀየርኩ፣ 250። ግሪስ ቀብቼ ገጠምኩ።

የታችኛው ጉዞ አሁን 15 ሚሊ። ጠዋት በብርዱ፣ ሞተር እንደተነሳ፣ አንዴ ተረግጦ ኋላ ማርሽ ይገባል።

ወጪ

የታችኛው ኪት ሁለቴ 700። ማስተር 3,200፣ ማጓጓዣው 150። ቱቦ 900። የፍሬን ዘይት ከማጠቢያው ጋር በድምሩ 1,800፤ ይሄ ነው ያልጠበቅኩት። አልኮል 200፣ መርፌ 60፣ ደፋን 50። ቶርኖና ቡሽ 950። በጠቅላላ 8,010 ብር። ጋሼ ገንዘብ አልቀበልም ስላሉ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ቤታቸው አደረስኩ፣ እሱን አልቆጠርኩትም። ለልጁ የኪስ አልጻፍኩም፣ እናቱ እንዳታየው።

ኦሪጅናሉን ገዝቼ ቢሆን የዘንጉ ጣጣ ባልመጣ ነበር፣ ግን ዋጋውን ሳየው ዛሬም ኮፒውን ነው የምገዛው። ዘንጉን ከአሮጌው ጋር ሳላስተያይ ግን አልገጥመውም።

ዶት 3 ወይስ ዶት 4 ብሎ ለሚጠይቅ፦ ለዚህ መኪና ሁለቱም ይሆናሉ፣ ቢቀላቀሉም አይጣሉም። ዶት 4 መፍያ ነጥቡ ከፍ ይላል፤ አዲሱ ቢያንስ 230 ዲግሪ፣ ዶት 3 ቢያንስ 205። ለፍሪሲዮን ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። ዶት 5 የሚለው ግን ሲሊኮን ነው፣ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም። የተከፈተ ጣሳ ደግሞ ወራት አስቀምጣችሁ አትጠቀሙ፣ እርጥበት ይስባል። ትንሿን ጣሳ መግዛት ይሻላል።

አሁን ያለችበት

አንድ ድምፅ ቀርቷል። ፔዳሉን ስረግጥ ስስ ፉጨት ይሰማል፣ ስለቀው ይጠፋል። ይሄ ስትረገጥ የምትሠራዋ፣ ሹካው የሚገፋት ኩሽኔታ ናት። ፔዳሉ ሲለቀቅ ቢጮህና ሲረገጥ ቢጠፋ ኖሮ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ነው እል ነበር። ለሷ ብቻ ካምቢዮ አላወርድም። ሸራው ሲያልቅ አብራ ትቀየራለች። እስከዚያ መንገድ ሲዘጋጋ ፔዳል ረግጬ አልቆምም፣ ማርሹን ነፃ አውጥቼ እግሬን አነሳለሁ። በየሳምንቱ ላስቲኳን ገልጬ አያለሁ፣ እስካሁን ደረቅ ናት።